ተቃራኒውን ቁረጪልኝ

ጠባሴ፣ አስፋልት ዳር፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣
አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ በሩ ላይ ኳስ ተለጥፎ።
እኔ ነኝ ቆራጯ። ከሽቦው መስኮት ኋላ፣
ጋቢዬን ደርቤ፣ ጣቴን ብርድ ሲበላ፣
ቁጥር እየመታሁ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ፣
በቀን ለመቶ ሰው አድላለሁ ተስፋ።

ስማቸው ምላስ የሚያስር የቱርክ ክለቦች፣
የፊንላንድ ሴቶች፣ ከሃያ በታች ልጆች፣
ማን ያውቃቸው ነበር እዚህ በሬሳ ማዶ?
ዛሬ ሊስትሮው እንኳ ይተነትናል ማልዶ፦
"በረኛቸው ታሟል፤ ከሜዳቸው ውጭ አይቀናም።"
እናቱ ሳምንት ስትተኛ ግን አልሰማም።

ዱሮ "ላም አለኝ በሰማይ" ሲባል ሰው ይስቅ ነበር፤
አሁን ላሟ ወርዳ ስክሪኑ ላይ ስትገተር፣
ጡቷ ሞልቶ እያየ ማን ይቀመጣል ዝም?
ወተቷን የጠገበ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ግን አልዋሽም፤ ያምራል። ትኬቱ ከተቆረጠ፣
ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ፣ ሰው ሁሉ የተለወጠ፤
የጎበጠው ይቃናል፤ ባለዕዳው ይስቃል፤
ለልጁ ጫማ፣ ለሚስቱ ቀሚስ በሐሳቡ ያስለካል።
አስር ብር ከፍሎ የግማሽ ሰዓት ንጉሥ!
በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ብርድ፣ የት ይገኛል እንዲህ ያለ ልብስ?

ከደንበኞቼ አንዱ ወንድአፍራሽ ባለጋሪ፣
ፈረሱ ቦራ ነው፤ ከሱ የተሻለ መካሪ።
ግን እሱም ለመደ። ሁለት ሴት አሳፍሮ
ቀጥ ይላል ደጃችን፣ አንገቱን አቀርቅሮ፤
"ሂድ!" ቢሉት አይሄድም፤ አለንጋም አይነቀንቀው፤
ትኬት እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው የሚያውቀው።

አንድ ቀን በላ። ጥቅምት ነው። አስራ ስምንት ሺህ ብር።
ደረቱን ሲደቃ፣ ቆርቆሮው ሲሸበር!
ለቦራ ቀይ ዘርፍ ገዛ፤ ለሰፈሩ ቢራ፤
ሳምንቱን በሙሉ ስሙ ነው የሚወራ።
ብዙ ሽንፈት አይደለም ያንን ሰው የጎዳው፤
ያ ጥቅምት ነው እንጂ፣ አንድ ጊዜ የረዳው።
መጀመሪያ ገለባው፣ ቀጥሎ እቁቡ ሄደ፤
ቀዩ ዘርፍ ራሱ ተፈትቶ ተነገደ።

ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ሜዳውን ጨው ያስመሰለ ዕለት፣
ሚስቱ ገባች፣ ማናህሎሽ፣ እጇ ዱቄት በዱቄት።
ወንዶቹ ዝም አሉ። እኔም ስድብ ጠበቅኩ፣
ወደ መስኮቱ መዝጊያ እጄን እየላክኩ።
እሷ ግን ቀስ ብላ መቀነቷን ፈታ
አስር ብር አወጣች፣ እጥፋቷን አፍታታ።
"ባሌ ዛሬ ጠዋት ማን ያሸንፋል አለ?" አለችኝ።
ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተጠጋችኝ፦
"እንግዲያው ለኔ ተቃራኒውን ቁረጪልኝ።

እሱ ከበላ፣ ይብላ፤ እንበላለን ከሱ፤
ከተበላ ደግሞ በኔ ይምጣ የልጆቹ ቁርሱ።
የሰው ዱቄት ነፍቼ ያገኘኋት ናት ይቺ፤
ማስቆም ቢያቅተኝ፣ መቃረን አያቅተኝም፣ አንቺ!"

የሚከለክል ሕግ የለም። ቆረጥኩላት።
ወንዶቹ ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ
ብቻ "ይቺ ናት" አለ፣ "የዚህ ቤት አትራፊ።"

ማታ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን፤
ሳይተያዩ ያያሉ ያንን ሰማያዊ ብርሃን።
እሱ "አግባ!" ሲል፣ እሷ በሆዷ "አይግባ" ትላለች፤
ውጭ የቦራን ባና ውርጭ ያነጣዋል፤ ጋሪዋ ባዶ ቆማለች።
ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። ዘጠና።
ፊሽካው ተነፋ፤ ባዶ ለባዶ፣ አቻ ሆነና

ሁለቱም ተበሉ።

እሱ ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለ።
እሷ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።
ጋሪው ላይ ወጡ። ቦራ ግን ንቅንቅ አላለም፤
ቤቱ መሽቶ መዘጋቱን ማንም አልነገረውም።
ማናህሎሽ ወረደች፤ ልጓሙን በእጇ ያዘች፤
ፈረስና ባሏን እየጎተተች በጨለማው ሄደች።

እኔ መጥረጊያ አነሳሁ።
ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ።