ጎማ ጠጋኙ

በቱሊያራ ወደብ፣ ዓሣ ተራው ጥግ ላይ፣
ጎማ እጠግናለሁ ከጠዋት ፀሐይ እስከ ማታ ፀሐይ።
ብስክሌት ሲመጣ፣ ከሳፋ እነክራለሁ፣
አረፋ የምታወጣ ቀዳዳ አገኛለሁ፣
ሙጫ ቀብቼባት፣ ድፍን አደርጋለሁ፤
ትንፋሽ አስቀርቼ፣ ልጆች አበላለሁ።

ማታ ግን ጊታር አለኝ፤ አንገቱ በብሎን የታሰረ፣
ክሩ ከብስክሌት ፍሬን ተተርትሮ የተወጠረ።
አስተማሪ አልነበረኝም፤ የጎረቤት ቴፕ ነበር፣
ባትሪው ሲደክም ብቻ ድምፆቹን የምቆጥር።
ተጎትቶ ሲያላዝን፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤
አዲስ ባትሪ ሲገባ ጥሎኝ ሮጠ፣ የት እንዳለ ጠፋኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ሩጫ ለቀምኩኝ፣
እንደ አይጥ በቆርቆሮ ላይ ወጣሁኝ፣ ወረድኩኝ፣
ዝምታ ባየሁ ቁጥር፣ ሙጫ ቀባሁና ደፈንኩኝ።

ቮላሶዋ፣ ዓሣ ሻጯ፣ “ልጄ” አለች አንድ ቀን፣
“ጎበዝ ነህ፤ ግን ስሰማህ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ለምን?”
ሳቅሁባት። ምን ታውቃለች፣ ዓሣ የምትመዝን!

የማሐቬሎን ልጅ ባሕሩ ወስዶ መለሰው፤
በእኛ ዘንድ ሟች የሚሸኘው ሦስት ሌሊት በጊታር ነው።
በሦስተኛው ሌሊት ጊታር መቺው ደከመ፣
ከጄኔሬተሩ ሥር አፉን ከፍቶ ተጋደመ።
“ጎማ ጠጋኙን ጥሩት!”

ወጣሁ። የስምንት ዓመቴን ሁሉ አወጣሁት፣
ከአንድ ሲጋራ ባነሰ ጊዜ ጨረስኩት።
ሊነጋ አምስት ሰዓት ይቀራል። ከበሮው አይቆምም።
እኔ ባዶ ነኝ፤ ከጣቴ ምንም አይመጣም።

እናቱ ከጨለማ ስሙን ትጠራለች፣
ሁለት ድምፅ ብቻ፤ ከዚያ ጸጥ ትላለች፣
መልስ ያለ ይመስል፣ ጆሮ ትሰጣለች።

ሁለቱን ድምፅ መታሁ። እጄን አነሳሁ።
ያችን ቀዳዳ ልደፍናት ስል፣ ተውኳት፤ ፈራሁ።
በቀዳዳዋ በኩል የሴቶቹ ልቅሶ ገባ፣
ጄኔሬተሩ ገባ፣
ባሕሩም ገባ።
ደግሜ መታሁ፤ ክሯን ገፋ አርጌ፣
የእናቲቱ ድምፅ የሚሰበርባትን፣ ያችኑ ቦታ ፈልጌ።

ማንም አላጨበጨበም። ጊታር መቺው አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፤
ቦታውን ሊረከበኝ መስሎኝ ነበር፤ ዞሮ ተኛልኝ።

ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። መጣ አንድ ብስክሌት፣
ጎማው ተንፍሶ። ሳፋው ውስጥ ነከርኩት።
አረፋዋ ብቅ ስትል፣ ሙጫዬን እንደያዝኩ፣
ትንሽ አዳመጥኩ።