ልኩ የጠፋው

በግንቦት ወር ባኒ ጨው ብቻ ይመስላል፣
ሣሩ ካለቀበት ሁለት ወር ሆኖታል፤
ለምለም ሆኖ የቀረ አንድ ዛፍ ነው ያለ፣
እብድ እሾህ፣ በአገሩ ጋንዶ ባዋል የተባለ፣
ማንም ሳይኮተኩተው አገር የነቀለ።

ከቡጅ ደርሼ በሞተር፣ ደብተሬን ሳልፈታ፣
ሽማግሌው ሳሌማማድ፣ ያለ አንዳች ሰላምታ፣
ቢጫ ዘለላ ፍሬ መዳፌ ላይ አኖረ፣
እንደ አደንጓሬ የረዘመ፣ ጫፉ የዞረ።
«ቀለብ ነው መርዝ ነው? አንድ ቃል ወርውርልኝ፤
የከብት ሐኪም አይደለህ? ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ።»

ቀመስኩት።
ይጣፍጣል፤ ማር አይደለም፣ የቆየ ቴምር፣
ጥቂት እንጨት እንጨት፣ ጥቂትም የሚመር።
ፍየሎቹ በሩቅ ሰምተው ነው መሰለኝ፣
በጥርሴ ሲሰበር ተንጋግተው ከበቡኝ።

ከዚያ ወደ ጥላው ወሰደኝ ዝም ብሎ።
ኩንዲ ቆማለች፣ ቀንዷ ሁለቴ ተጠቅልሎ፤
የመንጋው መሪ ጎሽ፣ የመንደሩ ኩራት፣
ብቻዋን ወጥታ ግጣ የምትመለስ ሌሊት።
አሁን መንጋጋዋ ወደ ግራ ዘሟል፣
ያኘከችው ሁሉ በጉንጯ ይንጠባጠባል፣
ምላሷ ዱላ ነው፤ ልትውጥ ትሞክራለች፣
ያቅታትና ደግሞ ዐይኖቼን ታያለች።

«ሦስት ወር» አለች ሐኒፋ፣ ምራቱ፣ ድምጿን ዝቅ አርጋ፣
«ከዚህ በቀር አልቀመሰች፣ በጋ ላይ በጋ።
እኔስ ተናግሬ ነበር፤ የሚሰማኝ የታለ?
ግመልም ይበላዋል፣ ምን ሆነ እየተባለ።»

«አባቴ» አልኩ፣
«ጥያቄህስ ልክ ነው፤ ልኩ ነው የጠፋው፣
እፍኙ ሲያጠግብ ነው ቁናው የሚከፋው።
ፍሬውን ፈጭታችሁ ከገለባ ቀላቅሉት፣
ካምስት እጅ አንዱን እንጂ ሙሉ አታድርጉት፤
ሻጋታ የነካውን አርቃችሁ ጣሉት።
ዘሩ ሳይፈጭ ካለፈ ፋንድያው ይዘራዋል፣
የዛሬ ምሳችሁ ነገ እሾህ ይሆናል።»

ሽማግሌው ሳቀ። «አንድ ቃል ነበር ያልኩህ።»

ሐኒፋ ግን አልሳቀች።
«ገለባውስ?» አለች።

ከአድማስ እስከ አድማስ ነጭ ነው መሬቱ።
እኔም በደብተሬ ገጽ ላይ ገለባ ፈለግሁ።
እሷ ቀና ብላ
የአሮጌውን ጎጆ ክዳን በዐይኗ ለካች።

ሲነጋ ሞተሬን ላስነሳ ስወጣ
ግድግዳው ቆሟል፤ የጎጆው አናት መላጣ።
ወፍጮው ያጉረመርማል፣ ቢጫ ዱቄት ይተናል፣
አማቷ ያለበሱት ሣር ከፍሬው ይቀላቀላል።

ኩንዲ አንድ እፍኝ ወሰደች።
ግማሹ ወደቀ።
ግማሹ ግን ሄደ፤ ባንገቷ ሲወርድ ታወቀ።
«ጎሽ!» አለ ሳሌማማድ፣ መሬቱን በዱላው እየነካ፤
ጎሽን ጎሽ የሚሏት ስትውጥ ነው ለካ።

ከመንገድ ዳር ቆሜ መልሴን ጻፍኩት፦
«ከጣሪያ ጋር ከሆነ፣ ይበላል።»
ከዚያ ሰረዝኩት።
ቡጅ ያለው ቢሮ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።