ሁሉም የሚባል ደንበኛ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ቆዳ ከሚሸትባት ጠባብ ቤት
ጋሽ ገብያው መዝገብ ነበራቸው፣ ስፌቱ የላላበት።
የዐሥራ አንድ ዓመት ደንበኛ በየራሱ እጅ ተጽፎ፣
ስምና የኢሜይል አድራሻ፣ ቀለሙ ወረቀት አልፎ።
በኅዳጉ ደግሞ የእርሳቸው እርሳስ፣ ደቃቅ ፊደል፦
«ግራ እግሩ ሰፋ ይላል»፤
«ለአማቷ ነው፣ ቀይ ትወዳለች»፤
«ሦስት ቀን ተከራከረ፣ ተመልሶ ይመጣል»።

እኔ ኅዳጉን አላየሁም። አድራሻ ብቻ ለቀምኩ፤
ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ በአንድ ሌሊት ደረደርኩ።
«ታላቅ ቅናሽ!!!» አልኩ በርዕሱ፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ተክዬ፣
ግንቡ ሥር ነጋሪት እንደሚጎስም፣ ያልሰማህ ስማ ብዬ።

ኮምፒዩተሩ «ተልኳል» አለ። መብራት ሄደ። መብራት መጣ።
ሠላሳ አንድ ሰው ከፈተው። ሱቁ ግን ማንም አልመጣ።
ስምንቱ «አትላኩብኝ» አሉ፤
አንዷም «ለመሆኑ እናንተ ማን ናችሁ?»
የቀሩት መልእክቶች ከአይፈለጌ ጎተራ ገብተው ዋሉ።

ጋሽ ገብያው ወስፌውን ሳይለቁ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፦
«ለማን ነው የጻፍከው?»
«ለሁሉም።»
«ለሁሉም?» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።
«ሁሉም የሚባል ሰው ከዚህ ሱቅ ገዝቶ አያውቅም፤
እግሩንም ለክቼው አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ነው መዝገቡን እንደ ሰው ያነበብኩት።
ቀበቶ የገዛውን ከጫማ፣
ዋጋ ጠይቆ የሄደውን ከከፈለው ለየሁት፤
«በቃኝ» ያለውን በዚያው ሌሊት ሰረዝኩት።
(«የዘጋብህን ደጅ ደጋግመህ ብታንኳኳ
የሚወጣልህ ውሻው ነው» ብለውኛል፣
«ሰውዬውማ ተኝቷል።»)

ርዕሱ ላይ ግማሽ ቀን ፈጀን።
«አዲስ» አልኩ። «ምኑ?» አሉ።
«ልዩ» አልኩ። «ከምን?» አሉ።
ኋላ፣ ክራቸውን ሰም እየቀቡ፣
መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው እንደሚጠይቁ ሆነው፦
«ቀበቶዎ ደህና ነው?»

ከሥሩ ጥቂት መስመር፦
«ገብያው ነኝ፣ የጎንደሩ።
የሰፋሁልዎ ቆዳ ከርሟል፤
ሰውነትም እንደ ዘመን ነው፣ ይጨምራል ይቀንሳል።
ቀዳዳ ካሻው ይምጡ፣ እበሳለሁ፤ ዋጋ የለውም።
ለጥምቀት ከመጡ አዲስ ቦርሳ ሰቅያለሁ፤
ባይገዙትም ይዩልኝ።»

ቅዳሜ አልላክንም፤ ገበያ ነው፣ ማን ያነባል?
ማክሰኞ ማታ ይሁን አሉ፣
«ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ስለ ቆዳ ያስባል።»

ለመቶ አርባ ሰው ብቻ። ሰባ ዘጠኙ ከፈተ።
አንዱ ከአዘዞ በባጃጅ መጣ፣
ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከደጅ ጀምሮ እየሳቀ።
ከባሕር ዳር አንዲት ሴት አራት ቦርሳ አዘዘች፤
ዋጋ እንኳ አልተከራከረች።

ሐሙስ ሌሊት፣ መኳንንት ከሚባል ሰው አድራሻ፦
«አባቴ መስከረም ላይ ዐረፈ። ቀበቶው እኔ ጋ ነው።
ወገቤ ከእሱ ይቀጥናል።
ሦስት ቀዳዳ ይበቃል? ትርንጎ ነኝ፣ ልጁ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።
ወስፌው ቆመ።
መዝገቡን ራሳቸው ገለጡ፣ ጣታቸው ወርዶ ወርዶ
አንድ ኅዳግ ላይ አረፈ፦
«ዐሥር ብር ጨመረልኝ፣ ለክርህ ብሎ።»

«አድራሻውን ላጥፋው?» አልኩ።
መልስ አልሰጡኝም።
እርሳሱን በወስፌ ምላጭ ቀረጹት፣
ከስሙ ሥር፣ በዚያው በደቃቅ ፊደል፦
«ትርንጎ። ቀጭን። ሦስት ቀዳዳ፤
ምናልባት አራት፣ ስትመጣ አያለሁ።»