አንዲት ፊደል

በከተማዬ ስም ጫፍ ላይ አንዲት ፊደል ብትታከል
ጅማ፣ ጅማት ይሆናል።
ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣
በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ጭቃ በዋጠው ሜዳ፣
ኳሷን ለቅቄ ራሴን ስዞር
ጉልበቴ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት «ቋ!» ሲል።

ማንም አልነካኝም። የሚያበሽቀው ያ ነው።
ዳኛዋ ፊሽካ የምትነፋበት ምክንያት አጣች።

ዶክተር ዋቅጋሪ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
(ሊፍቱ ተበላሽቶ በረኛችን ኢክራም አዝላኝ በወጣችው)
ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና
«የፊተኛው ጅማት የለም» አለኝ፣
ስኳር የለም እንደሚል ባለሱቅ።
«ከሁለት አንዱን ምረጪ።
ከገዛ ጭንሽ ጀርባ ሁለት ክር መዝዤ ልግመድልሽ፣
ወይ ከሟች የተለገሰ፣ በበረዶ ታሽጎ
ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ከተገኘ።
የራስሽ ሌላ ቁስል አለው፣ ጭንሽም ይሰንፋል።
የሟቹ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ፤
እንዳንቺ ባለች ወጣት ሯጭ ላይ ደግሞ
መበጠስ ይቀናዋል።»

እናቴ ሁሉንም ሰማች፣ የያዘችው ግን አንዱን ቃል።
«የሟች?
የቂያማ ዕለት ባለቤቱ መጥቶ
‹ልጅት፣ ጅማቴን!› ቢልሽ ምን ትመልሺያለሽ?
በጀነት ደጅ እያነከሰ ቢጠብቅሽ?»
ዶክተሩ ሳቁን በጭንብሉ ሸሸገ።
አጎቴ አባ ፊጣ ምሳሌ አላጣም፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ።»
ኢክራም ከበሩ ሥር፤ «ሰው ለሰው መድኃኒቱስ?»
ሁለት ምሳሌ፣ አንድ ጉልበት።
አበው የሞቱት ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ቀጥረው ነው።

ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣
የአዌቱ ድምፅ በጓሮ ሲበረታ፣
ያን ሰው አሰብሁት፣ ስሙን የማላውቀውን፣
ያ ጅማት ድሮ ያዘለለውን፣ ያስሮጠውን።
ሞተር ይነዳ ነበር? ደረጃ ይዘል ነበር?
ወይስ ሴት ናት፣ እንደኔ በግራው መስመር
የምትከንፍ፣ የስጦታውን ፎርም ስትፈርም
ብዕሩ አልጽፍ ብሏት ያራገፈች፣ ያልመሰላት ምንም?
«አላህ ይዘንልሽ» አልኋት፣ ገና ሳልወስን በፊት፣
ባልቀበላት እንኳ ምስጋናዬ እንዳይቀርባት።

ጎህ ሲቀድ እናቴ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች፣
ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ።
ሂርማታ ገበያ ሠላሳ ዓመት በጆንያ ሥር የቆመ እግር፣
ደም ሥሩ የወንዝ ካርታ የመሰለ።
«ከዚህ ይውሰዱ» አለች።
«የሟች አይደለም፣ የባዕድ አይደለም።
እኔ ከእንግዲህ የት ልሮጥ?»
አልመለስሁላትም።
ቀሚሷን ቀስ ብዬ አወረድሁት።

ለዶክተሩ «የራሴን» አልሁት፤ «ጅማቱ ከጅማ ይሁን።»
ጀግንነት አይደለም፤ ገንዘቡም የለም፣
ደግሞ መክፈል የለመድሁት ከገዛ ኪሴ ነው።
እሱ ፎርሙን እየሞላ፣ ቀና ሳይል፣
«የራስሽም ቢሆን» አለ፣ «ተቆርጦ ሲወጣ ይሞታል።
አጥንትሽ ውስጥ ሳምንታት እንደ ሬሳ ይተኛል፣
ደም ፈልጎ እስኪያገኘው፣
ሌላ ነገር እስኪሆን ድረስ።
ሁሉም ከሞት ነው የሚነሳው።
ልዩነቱ የማን ሞት እንደሆነ ነው።»

አሁን አራተኛ ወሬን ይዣለሁ።
ከጭኔ ጀርባ የጎደለው ስፍራ ደረጃ ስወርድ ይሰማኛል፣
እንደ ባዕድ አይደለም፣ እንደ ሌባም አይደለም፤
ልጁን የዳረ አባት
ባዶውን ክፍል ከፍቶ እንደሚያይ ነው።

የዋንዛውን በርጩማ ተደግፌ
(እሱ በሦስት እግር ምንም አልጎደለበት)
አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ መቶ ጊዜ።
ጉልበቴ ውስጥ ገና የሞተ ነገር አለ፣
ደም መጠጣት የጀመረም አለ፤
የትኛው የቱ እንደሆነ አላውቅም።
እናቴ ትቆጥርልኛለች።
ሃምሳ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ሐሳብ ይወስዳታል፣
ጉልበቴን አየት ታደርግና
«ሸንተማ… አይ፣
አፉርተማ» ብላ
ከአርባ ትመልሰኛለች።