የሁለት ዓመት ሁለተኛ ዓመት

ከሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ቆሜ፣
ቅጹን እሞላለሁ፣ ጀምሬ ከስሜ።
«ምክንያት» ይላል አንዱ፣ ቀጥሎ ነጥብ ነጥብ፣
ለአራት ቃል እንኳ የማይበቃ ጠባብ።
እንቅልፍ አጣሁ ልበል? አባቴ ታመመ?
ወይስ አንድ ገጽ ላይ ዓይኔ እንዳነከሰ ሰባት ቀን ከረመ?
«አንዱን ዓመት ለሁለት ከፍዬ ልማር» ብዬ፣ እጄን ሰድጄ፣
ሰጠሁ። ወይዘሮ አንጓች፣ «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?
ቀስታ ሕመም አይደል። የሐኪም ወረቀት
ይዘሽ ነይ» አሉና ጣሉት ከክምሩ፣ ሌሎቹ ካሉበት።

ሐኪም ልሁን ባልኩ፣ ሐኪም ፍለጋ ሄድኩ።

የባቼ ልጆች አልፈዋል። ነጭ ጋዋን ለብሰው
ሲሮጡ አያቸዋለሁ፣ ሻያቸውን ትተው፣ ዳቧቸውን ጎርሰው።
እኔን ከታናናሾቼ ጋር፣ ከኋላ ወንበር፣
«አንቱ» ሊሉኝ እኮ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ደግሞ ያቺ ቀን ናት መዘዙን ያመጣች፤
ዶክተር ይርዳው ስለ ልብ ሲያስረዱ፣ አንዲት ነገር ከአፋቸው እግረ መንገዷን ወጣች፦
«ከስምንት እጅ ጊዜው ሦስቱን ይጨመቃል፤
በቀረው አምስቱ ላልቶ፣ አርፎ ይሞላል።»
ሁሉም ለፈተና ጻፈው።
እኔ ግን እጄን ደረቴ ላይ ጭኜ ስቆጥር ቆየሁ፤
ቀና ስል ሳንባ ላይ ደርሰዋል። በዚያው ነው የቀረሁ።

ማታ በበአታ በኩል ሳልፍ ልሳነወርቅን አገኘሁት፣
የአቋቋም ተማሪ ነው። «ስንት ዓመትህ?» አልኩት።
«ዘጠነኛዬ» አለኝ፣ አንገቱን ሳይደፋ።
«መቼ ትጨርሳለህ?»
መቋሚያውን ተደግፎ ሳቀ፤ መልሱ ግን ጠፋ።
ኋላ፣ ርቄ ስሄድ፣ ከጀርባዬ፣ «ሲገባኝ!»
ነፋሱ ቆራርሶ እኩሉን አደረሰኝ።

የፒያሳው ታክሲ መጣ፤ «ሄደ፣ ሄደ! አንድ ሰው!»
ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ አሳለፍኩት፣ ሌላ ይሳፈረው።
ኪሴ ውስጥ አጥንት አለች፣ ከላቦራቶሪ የተዋስኳት፣
ከእጅ አንጓ ስምንቶቹ አንዷ፤ ባቄላ የምታህል፣ ግማሽ ጨረቃ ናት።
ዛሬ ይቺን ብቻ።
በአውራ ጣቴ ጎኗን፣ ጠርዟን እየዳሰስኩ ዳገቱን ወጣሁት፤
ሰባት እህቶቿን ለነገ ተውኳቸው፤ የሷን ስም ግን አወቅሁት።