የሰረቅሁት ጸደቀ

ከዚራ ነው ቤቴ፣ ከሐዲዱ ማዶ፤
ጓሮ ያልኩት ጣሳ ነው፣ ጄሪካን ተቀዶ፣
የጎረቤት ልጅ መታጠቢያ፣ ቂጡ የተነደለ፣
ድስት አንድ ጆሮ ያለው፣ ሌላው የት እንዳለ
እግዜር ይወቅለት።

እዚህ ውሃ በወረፋ፣ አፈር በልመና፤
እኔ ግን ከቤት ከወጣሁ ባዶ እጄን አልገባምና
ባሌ መዝገቡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤
«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አይለኝም፣ ቦርሳዬን ያውቃል።
«ሰው ከለቅሶ ሲመለስ ዓይኑን ያብሳል» ይላል፣
«ያንቺ ጥፍር ውስጥ ጭቃው ምን ይሠራል?»

እውነቱን ነው። ሐረማያ፣ በአማቼ ቀብር፣
ድንኳኑ የተጣለው ጽጌረዳ ሥር ነበር።
ሰው ደረት ሲደቃ እኔ አንገቴን ደፍቼ
ቅርንጫፍ ቆጠርኩ፣ እርጥቡን ከደረቅ ለይቼ።
አልቅሻለሁ ደግሞ። ማንም አይመነኝ፤
ማልቀስም መመኘትም ባንድ ዓይን ተቻለኝ።

ሌላው ከቁልቢ ሲመለስ ጸበል በኮዳ አዝሎ፣
የኔ ነጠላ ጫፍ በጎመን ዘር አብጦ፣ ተንጠልጥሎ።
ከኤረር የመንደሪን ፍሬ፣ ምራቄ ያልደረቀበት፣
ከአዋሽ አንድ ጠጠር፣ ጣሳ የምደግፍበት።
ከማዳም አራክሲ በረንዳ፣ አገር ከመልቀቋ በፊት፣
ቡገንቪሊያ ቆረጥኩ፤ ስሟን ለተክሉ ሰጠሁት።
ጧት «አራክሲ፣ እንዴት አደርሽ?» ስል መዝገቡ ይስቃል፤
«መለሰችልሽ?» ይላል።

ከጅቡቲ ስመለስ ደግሞ፣ ባቡር ውስጥ፣ ከጎኔ
አንዲት ሴት፣ ሆዳን ስሟ፣ ቴምር አካፈለች ለእኔ፤
«ፍሬውን አትጣይው፤ ዝግ ያለ ዛፍ ነው፤
የልጅ ልጅሽ ነው» አለችኝ «ቆርጦ የሚበላው።»
ልጅ የለኝም አላልኳትም። በመሐረብ ጠቀለልኩት።
ሰባት ዓመቱ፤ ስንዝር ነው። ትናንት ማታ አጠጣሁት።

ሐረር ግን ሌላ ነው።
ጀጎል፣ ከግንቡ ውስጥ፣ ረምላ ግቢ ገባሁ፤
ሮማኗን አየሁና ሰላምታውን ረሳሁ።
ግድግዳው ኖራ ቅብ፣ ነጭ እንደ ጥርስ፤ በዚያ ላይ
ፍሬው ተሰንጥቆ፣ ቀይ አፉን ከፍቶ ለፀሐይ።
«ከእናቴ ነው» አለች። «እናቴም ከእናቷ።
ከዚህ ግቢ አይወጣም ቅጠል እንኳ፣ አንዲቷ።»
ፊቷ ፈገግ ያለ ነው፤ ቃሏ ግን የበር መቀርቀሪያ።
የሎሚ ውሃ ልትቀዳልኝ ገባች፤ ያ ነበር መጀመሪያ።

ቀጭ።
የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወይም መስሎኝ ነበር፣
አንድ ስንዝር ጭራሮ ዣንጥላዬ ውስጥ ስሰውር።
የደንገጎን ቁልቁለት፣ በየጠመዝማዛው፣
እንደ ሕፃን አቀፍኩት፣ ሰው ተገፍቶ እንዳይነካው።

ከሳቢያን የገዛሁት፣ ባለ ደረሰኙ፣ ሞተ።
በምርቃት የተሰጠኝም ጠወለገ፣ ታከተ።
የሰረቅሁት ጸደቀ።
አማርኛ ሆይ፣ ምን ነካሽ?
እንጨት ሥር ስለሰደደ ጻድቅ ብለሽ የጠራሽ፣
ለእኔስ፣ ላጠጣሁት፣ ምን ቃል አስቀመጥሽ?

ሁለት ክረምት አለፈ። ረምላ ደወለች፤
«ግድግዳው ተንዶ ሮማኔን...» አለች፣
ዝም አለች።

በማግስቱ ቆረጥኩ፣ ከዚያው ከሰረቅሁት፣
አንድ ደህና ቅርንጫፍ፤ እርጥብ ካልሲ አለበስኩት።
ዳገቱን እስክወጣ ውሸት አዘጋጀሁ፤
«ከገበያ ነው»፣ «ከዘመድ»፤ ሁለቱንም ጠላሁ።

ተቀበለች። ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ
አሸተተችው። ቀና አለች፣ አየችኝ፣ ረጋ
ብላ። ከየት ነው አላለችም።
ከተናደው ግንብ ሥር ጉድጓዱ ተምሶ፣
ውሃ እንኳ ገብቶበት፣ አፈሩ ርሶ
ይጠብቀን ነበር።

ስወጣ ዣንጥላዬን ከበር አቀበለችኝ።
«እንዳትረሺው» አለችኝ።
«ያን ቀንም አልዘነበም፤
እንደ ሕፃን አቅፈሽ ነበር የወጣሽው።»