በመጠይቁ ጀርባ

ከጎንደር ማራኪ አዘዞ ወርደህ፣ ልጄ፣
አምስት ባዶ ሣጥን አኖርህ በእጄ።
«በቴክኖሎጂ ለማስተማር በቅቼ
ዝግጁ ነኝ» ይላል፤ ሳቅሁኝ ተመልክቼ።
እስማማለሁ ልበል? ወይስ አልስማማም?
ሣጥኑ ጠባብ ነው፣ መልሴ አይገባም።
ስለዚህ ገልብጬ ጀርባው ላይ ልጻፈው፣
ጥናትህ ከቻለው፤ ካልሆነም እለፈው።

ፕላዝማው ሲመጣ አንተ ፊደል ቆጣሪ፣
እኔ ገና ወጣት፣ ባዮሎጂ አስተማሪ።
በብረት ፍርግርግ፣ በእንጨት ቤት ተዘግቶ
መምህሩ ሲያወራ ሳይተነፍስ ከቶ፣
እኔ ሪሞት ይዤ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣
እንደ ዘብ ቆሜያለሁ፣ ተለጉሞ አፌ።
«ጥያቄ አለ?» ይላል። ዐሥር ሰከንድ ያያል።
ማንን እንደሚያይ ግን እሱ ብቻ ያውቃል።
በአንድ ክረምት ጠፋ። አልቅሼ አልቀበርኩት።
ሣጥኑን ለመጥረጊያ፣ ለጠመኔ አዋልኩት።

አሁን ደግሞ ይኸው፣ ፕሮጀክተር መጣልን።
ሦስት ቀን ሠልጥነን፣ ውሎ አበል ተከፈለን።
ዕቃው ግን ግምጃ ቤት፣ በአያ አስረበብ ቁልፍ፤
ሞዴል ሃያ ሁለት፣ ሦስት ፊርማ ሲሰለፍ፣
ፊርማው ሲሟላልህ ክፍለ ጊዜው ሲያልፍ።

ማታ ማታ ደግሞ (ይህን አትመዝግብ)
በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ፣ ፈራ ተባ እያልኩኝ፣ ፊደል ስለቅምበት፣
ሃያ ሦስት ዓመት ጠመኔ የያዝኩበት
ጣቴ ማውስ ላይ ይርዳል።

ማክሰኞ ተሳካ። ፊርማውም ሞላልኝ።
ሶኬቱ በር ጥግ ነው፣ ገመድ አልደርስ አለኝ።
ልቡን አበራሁት። ግማሹ ግድግዳ፣
ግማሹ ቆርቆሮው በር ላይ ተቀዳ።
ሲኮማተር፣ ሲሰፋ... ስልሳ ስምንት ተማሪ
ዝም አለ።
(በፕላዝማው ጊዜ ዝምታው እንቅልፍ ነበር።)
«አራት ክፍል አለው» ብዬ ሳልጨርስ
በሩ ተከፈተ። ልቡም ለሁለት ተከፈለ።
መሐሉ ላይ ባዘዘው ቆሟል፣
ከጠዳ በእግሩ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ አርፍዶ፣
ሸሚዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይመታል፣ ይመታል።
ክፍሉ ሳቀ። እሱ ደረቱን አየና፦
«ቲቸር፣ ይሄ የማን ልብ ነው?»
ዓመት ሙሉ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።
«እዚያው ቁም» አልኩት። «አትንቀሳቀስ።»
ደረቱ ላይ አስተማርኩ፣ ደወሉ እስኪጮህ ድረስ።

እንግዲህ ይህን በየትኛው ሣጥን ልክተተው?
መሐለኛዋን አጥቁሬያለሁ፤ ለቁጥርህ ካልበቃ ተወው።
ዝግጁ ነኝ አልልም፤ ጣቴ ዛሬም ይርዳል።
ሐሙስ ግን ሳንባ ነው።
ተመልሰህ ከመጣህ፣ መጠይቁን ተውና
ኤክስቴንሽን ገመድ፣ አምስት ሜትር፣ ይዘህ ና።